ብራና ለቱሪስት ብቻ አይሸጥም

ኮሞዶር 64 የሚባል ኮምፒውተር አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለ፣ ብዙዎቻችን ሳንወለድ ምርቱ የቆመ ዕቃ ነው። ስሙ ላይ ያለው 64 የሚሞሪው መጠን ነው፤ 64 ኪሎባይት። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ 4 ጊጋባይት ራም ካለው፣ ከዚያ ኮምፒውተር 65 ሺ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2025 ያው ኮምፒውተር በአዲስ መልክ ተሠርቶ ወደ 300 ዶላር ዋጋ ሲወጣለት፣ ዕቃው ገና ተመርቶ ሳያልቅ ቀድመው የከፈሉ ሰዎች ነበሩ።

ሞኝነት ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ከኮምፒውተሩ ይልቅ የሳበኝ በዙሪያው ያለው ንግድ ነው። የድሮ ኮምፒውተር አፍቃሪ ማሽኑን የሚገዛው አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ ፓወር ሰፕላዩ ያረጅበታል፣ ካፓሲተሩ ይበላሽበታል፣ በፍሎፒ ዲስክ ፋንታ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል መሣሪያ ይፈልጋል። እነዚህን ዕቃዎች ከሚሠሩት ብዙዎቹ ቤታቸው ሆነው በትንሽ በትንሹ የሚያመርቱ ግለሰቦች ናቸው። ትዕዛዝ ይቀበላሉ፣ የታዘዘውን ያህል ይሠራሉ፣ በፖስታ ይልካሉ። ከሳምሰንግ ጋር አይፎካከሩም። ደንበኛቸው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ዕቃ ያውቃል፣ ለጥራት ይከፍላል፣ ተመልሶም ይመጣል።

ይህ ነገር ላሊበላን ይመለከታል። ለምን ቢባል፣ ላስታ ውስጥ ከየትኛውም ኮምፒውተር በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም መረጃ ማስቀመጫ አለ፤ ብራና። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል፣ ይቆረጣል። ከዚያ ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጽፍበታል። ጥሬ ዕቃውም ሩቅ አይደለም። ላስታ የበግና የፍየል አገር ነው። ከበዓል ማግስት ገዢ ያጣ ቆዳ ሜዳ ላይ ተጥሎ ማየት ደግሞ በየከተማው የተለመደ ሆኗል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ገበያው በአንድ በር ብቻ የሚገባ መሆኑ ነው፤ በቱሪስት። ላሊበላ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያለች፣ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የያዘች ከተማ ናት። እንግዳ ይመጣል በሚል ሆቴሉም፣ አስጎብኚውም፣ መስቀልና ብራና ሻጩም አንድ ላይ ተደገፉ። ከዚያ በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 መጨረሻ ከተማዋ በጦርነት እጅ ገባች። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የክልሉ ግጭት ቀጠለ። በሩ ሲዘጋ ሁሉም አብሮ ተዘጋበት። እንግዳው ቢመጣ እንኳ ብራና የሚገዛው ለማስታወሻ ነው፤ አንዴ ተከራክሮ ይገዛና ይሄዳል። በዓመቱ ተመልሶ «ሌላ ስጠኝ» አይልም።

ተመልሶ የሚመጣው ደንበኛ ሌላ ነው። በእጅ የሚጽፍ የካሊግራፊ ሰው፣ መጽሐፍ የሚጠርዝ ባለሙያ፣ የድሮ መጽሐፍ የሚጠግን፣ ብራና ላይ የሚሥል ሠዓሊ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት በሥዕል የተሞላ ማስታወሻ ሳይሆን ያልተጻፈበት፣ ንጹሕ፣ ውፍረቱ የታወቀ ብራና ነው። ለእነሱ ብራናው መለዋወጫ ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ያዛሉ። ገበያው ህልም እንዳይመስላችሁ፣ እንግሊዝ ውስጥ ዊልያም ካውሊ የሚባል ድርጅት ከ1870 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብራና እየሠራ ይሸጣል። የእንግሊዝ ፓርላማ ሕጎች የታተሙበትን ብራና ሲያቀርብ የኖረውም እሱ ነው።

እስቲ በግምት እናስላው። አንድ ባለሙያ በወር 10 ቆዳ ያወጣል እንበል። ከእያንዳንዱ 4 ደህና ገጽ ቢያገኝ 40 ገጽ ይሆናል። አንዱ ገጽ በ10 ዶላር ቢሸጥ 400 ዶላር ነው። ለመላኪያ፣ ለክፍያ ኮሚሽን፣ ለቆዳና ለተበላሸው ግማሹን እንቀንስ፤ 200 ዶላር ይቀራል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ይህ ከ20 ሺ ብር በላይ ነው። አዲስ ተመራቂ የሆናችሁ ከደመወዛችሁ ጋር አወዳድሩት። ለዚህ የሚያስፈልገው ደግሞ በወር አራት አራት ገጽ የሚገዙ 10 ሰዎች ብቻ ናቸው። 20 ባለሙያ ቢሰባሰብ 200 ደንበኛ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ እንዳንዋሽ። ይህ ገበያ ጠባብ ነው። 20 ቤተሰብ ሊያኖር ይችላል፤ ከተማ አያኖርም። 500 ሰው ተሰብስቦ ቢገባበት ዋጋው ወርዶ ሁሉም ባዶ እጁን ይቀራል። የድሮ ኮምፒውተር ዕቃ የሚሠሩትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ አላቸው።

«ቅዱስ ነገር ይሸጣል ወይ?» የሚል ጥያቄም ይነሳል፤ ተገቢም ነው። መልሱ ግን ቀላል ይመስለኛል። ገድልና ዳዊት የቤተ ክርስቲያን ይሁን። ያልተጻፈበት ብራና ግን የእጅ ሥራ ነው፤ ፊደል ገበታ የተጻፈበትም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አዲስ ብራና በጭስ አጥቁሮ፣ ጠርዙን አሳርሮ «የ300 ዓመት ነው» ብሎ መሸጥ ለአንድ ቀን ያዋጣል። ግን ገዢው ዕቃ የሚያውቅ ከሆነ ውሎ አድሮ ይነቃል፣ ስሙም ለሁሉም ይተርፋል። እውነተኛው ጥንታዊ መጽሐፍ ደግሞ ጭራሽ የሚሸጥ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የቤተ መድኃኔዓለሙ አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ መሄዱን የላሊበላ ሰው አይረሳውም። መመለሱ ዕድል ነው፤ ያልተመለሰው ስንት ነው! ብራና መፋቅ የሚችል ወጣት በእጁ ሥራ እንጀራ ከበላ፣ የአያቶቹን መጽሐፍ ለደላላ የማሳየት ፈተናው ይቀንሳል። ሙያው ሲሞት ግን ገበያ ላይ የሚቀርበው አሮጌው ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ባለሙያዎቹ ተደራጅተው አንድ መለኪያ ያውጡ፤ የገጹ መጠን፣ ውፍረት፣ ደረጃ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የተሠራበት ዓመትና ቦታ ይታተም፤ «ላሊበላ፣ 2018» የሚለው ማኅተም ከማንኛውም ጭስ የበለጠ ዋጋ ያወጣል። ጉምሩክና የቅርስ ባለሥልጣን ደግሞ ቁርጥ ያለ መልስ ይስጡ። አዲስ ብራና ጥሬ ቆዳ ነው ወይስ ያለቀ የእጅ ሥራ? ቅርስ አለመሆኑንስ ማን ያረጋግጥለታል? ይህ ካልታወቀ የመጀመሪያው ጥቅል ቦሌ ላይ ይቀራል።

ስልክ ያላችሁ የላስታ ልጆችም ድርሻ አላችሁ። ብራና የሚፍቀው አባት ፎቶ ማንሳት፣ ከውጭ ደንበኛ ጋር መጻጻፍ፣ ትዕዛዝ መመዝገብ ላይችሉ ይችላሉ። እናንተ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን አምስት ገጽ ናሙና ይዛችሁ፣ ዕቃ ለሚያውቅ አንድ ሰው ላኩ፤ ምን እንደጎደለው ይንገራችሁ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሁለተኛው ደንበኛ የሚታሰበው።