ጥፋቱ የእንጨቱ ነውን?

በዛሬው ጊዜ ቤት የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ፥ «የእንጨት መዝጊያ አይረባም፤ በበጋ ይላቀቃል፥ በክረምት ያብጣል» እያለ የላሜራ በር ሲያሠራ እናያለን። እኔም ይህን አባባል አምኜበት ነበር። ዛሬ ግን አላምንበትም። ምክንያቴንም ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

አባቴ ከሥራ ሲመለሱ በጓሯችን ባለችው ክፍል ወንበርና ጠረጴዛ ይሠራሉ። የእኔና የታናናሾቼ ደብተርና ጫማ የሚገዛው ከዚያ በሚገኘው ገንዘብ ነው። በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለዚህች ክፍል መዝጊያ ሠራን። ከገበያ ያመጣነው የባሕር ዛፍ ጣውላ ገና እርጥብ ነበር፤ እኛ ግን ቸኩለን ሳንቃዎቹን ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመን በምስማር መታናቸው። የካቲት ሲደርስ በሳንቃዎቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ፤ መጋዙና መላጊያው ከውጭ ይታዩ ጀመር። ክፍተቱን በቀጫጭን እንጨት ጠቅጥቀን ሞላነው። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ መዝጊያው አብጦ ከመቃኑ ጋር ተጣበቀ። አባቴም ለሰው ቃል የገቡትን ጠረጴዛ ለማውጣት በዲጅኖ ፈነቀሉት።

ጎረቤቶቻችን ሁሉ «ላሜራ አሠራ» አሏቸው፤ እርሳቸውም ቆርጠው ነበር። እኔ ግን፥ «አባባ፥ አንድ ዓመት ብቻ ይታገሡኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁና ፈቀዱልኝ።

እንጨት ከተቆረጠም በኋላ የአየሩን እርጥበት ይስባል፥ መልሶም ይተፋል። ሲስብ ይሰፋል፥ ሲተፋ ይጠባል፤ ይኸውም በወርዱ በኩል ነው እንጂ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። ይህ ጠባዩ ነው። ጠባዩን ሳያውቅ የሚቸነክረው ሰው ግን በኋላ እንጨቱን ይወቅሳል።

ከዝግባና ከዋንዛ የሚሠራ መዝጊያ ያማረ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፥ ዋንዛ፥ ዝግባና የሐበሻ ጥድ በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ ከልክሎ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ ሰው ተክሎ ያሳደገውን የፈረንጅ ጥድ መረጥን። ጣውላው 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ነበረው፤ ለዚህ ያህል ውፍረት አንድ ዓመት ማድረቅ የቆየ የአናጢዎች ልማድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዝናብ በማይደርስበት ጥላ ሥር፥ በየመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ ርብራብ እያደረግን ደረደርነው። አባቴ በየሳምንቱ፥ «እንጨትህ አልደረቀም ወይ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሠራነው። የየሳንቃውን ጠርዝ በግማሽ ውፍረቱ ቀንሰን አንዱን በሌላው ላይ ደረብነው፤ በመካከሉም ለክረምት መስፊያ 3 ሚሊሜትር ያህል ተውንለት። በ3 አግዳሚ ካሰርነው በኋላ፥ ከታችኛው ማጠፊያ ተነሥቶ በእጀታው በኩል ወዳለው የላይኛው ማዕዘን የሚወጣ ሰያፍ እንጨት ጨመርን፤ የመዝጊያውን ክብደት ወደ ማጠፊያው የሚያስተላልፈው ይህ ነውና። ውሃ በብዛት የሚጠጣው የሳንቃው ጫፍ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው የሚረሳውን የላዩንና የታቹን ጠርዝ ሳይቀር ቀለም ቀባን። ከመድረኩም 1 ሳንቲሜትር ከፍ አደረግነው።

ላሜራን ለመንቀፍ አይደለም። ምስጥ በበዛበት አገር፥ ወይም አንድ ዓመት ለመጠበቅ ለማይችል ሰው ላሜራ ይሻላል። ቢሆንም እርሱም ቀለሙ ሲለቅ ይዝጋል፤ ጥበቃ የማይፈልግ በር የለም።

የ2017 ዓ.ም. ክረምት በአዲሱ መዝጊያ ላይ አለፈ። አንድ የነሐሴ ማለዳ ዝናቡ ሲወርድ አባቴ መዝጊያውን በአንድ እጃቸው ገፋ አድርገው ከፈቱትና ምንም ሳይናገሩ ወደ ሥራቸው ገቡ። እኔም ከዚያ የበለጠ ምስጋና አልፈለግሁም።

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይባላል። እንግዲህ እንጨቱን ከመውቀሳችን በፊት ለመድረቂያው ስንት ወር እንደ ሰጠነው ራሳችንን እንጠይቅ እላለሁ።