ከ«እንኳን ማርያም ማረችሽ» በኋላ

ፊዚዮቴራፒ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ጉልበቱ የተጎዳ ኳስ ተጫዋች ወይም ስትሮክ የመታቸው አባት ናቸው። ነፍሰ ጡሯ ትዝ አትለንም። ወገቧን ሲያማት «ስትወልጂ ይተውሻል» እንላታለን። ወልዳ ሽንት ሲያመልጣት ደግሞ «የወለደ ሰው እንዲሁ ነው» ትባላለች። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ሊያስነጥሳት ሲል እግሯን የምታጣምር፣ ሰርግ ላይ እስክስታው ሲደምቅ ከወንበሯ የማትነሳ፣ ረጅም መንገድ ካለባት ከጠዋት ጀምሮ ውሃ የማትቀምስ ሴት በየቤታችን አለች። ለባሏም ለሐኪሟም ትንፍሽ አትልም። ከወለዱ ሴቶች ከሦስቱ አንዷ ገደማ ሽንት ያመልጣታል። የብዙዎች ችግር ሆነ ማለት ግን መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም።

ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከሥር ደግፎ የያዘ ጡንቻ አለ። በእርግዝና ወራት ክብደት ይሸከማል፣ በምጥ ጊዜ ይለጠጣል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ይህን ጡንቻ በማሠራት ሽንትን መቆጣጠር እንደሚቻል ጽፎ፣ እንቅስቃሴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሲነገር ቀላል ነው፤ አየር እንዳያመልጥ እንደሚደረገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሰብስቦ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በአንድ ዙር ቢያንስ ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር፣ ቢያንስ ለሦስት ወር እንዲሠራ ይመክራል።

ሲሠራ ነው ጉዱ። አንዷ ትንፋሿን ይዛ ወደ ታች ታምጣለች፤ ሌላዋ ጭኗንና መቀመጫዋን አጥብቃ የሠራች ይመስላታል። ጡንቻው ከመላላት ይልቅ የተጨመደደባትም አለች፤ እርሷ መጀመሪያ መማር ያለባት መልቀቅን ነው። ፊዚዮቴራፒስት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዩቲዩብ ትንፋሽሽን መያዝሽን አያይልሽም።

ሥራው ከወሊድ በፊት ቢጀመር ደግሞ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚከለክል ሕመም ለሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለወገብና ለዳሌ ሕመም ከሚጠቅሳቸው አማራጮችም አንዱ ፊዚዮቴራፒ ነው። ምጥ ላይም ሴቲቱ እንድትንቀሳቀስ፣ የተመቻትን አቀማመጥ እንድትመርጥ ይላል። ተንበርክከው የወለዱት አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ የሚስቁ ይመስለኛል።

አራስ ቤታችንን አልንቅም። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ «አንቺ አትነሺ» የሚሉት ጎረቤቶች፣ ሁሉም ደግ ነገር ነው። ሆድን በመቀነት ማሰርም ለጊዜው ደገፍ ያደርግ ይሆናል፤ በእርግዝና የተለያየውን የሆድ ጡንቻ ሥራ ግን አይሠራለትም።

ሙያው በአገራችን የለም እንዳይባል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስተምራል። አዲስ አበባ ያለውን የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታልም ይመልከቱ። ለቀናት ካማጡት ሴቶች አንዳንዶቹ ከፌስቱላው፣ ማለትም ሽንት ከሚያፈሰው ቀዳዳ፣ ሌላ ነርቫቸው ተጎድቶ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ተኝተው ከመክረማቸውም የተነሳ ጉልበታቸው እንደታጠፈ ደርቆ ይመጣሉ። ባለሙያዎቹ እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ያስኬዷቸዋል፤ ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላም ሽንት አሁንም የሚያመልጣትን ያንኑ ጡንቻ ያሠሯታል። ለከባዱ ጉዳት የሚደርስ ሙያ ለቀለል ያለው ለምን እንደማይታሰብ አይገባኝም።

እናት በስድስተኛው ሳምንት ልጇን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ ትመጣለች። ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ካርዱ ይሞላል። ስለ እርሷስ? እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጥያቄ ትጠየቅ፤ ስታስዪ ሽንት ያመልጥሻል? ከታች የሚከብድ ወይም የሚወርድ ነገር ይሰማሻል? አዎ ካለች ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላት። ሆስፒታሉም መጋረጃ ያለው ክፍልና፣ ቢቻል፣ ሴት ባለሙያ ይመድብ፤ ለመጀመር ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም።