ድርና ማግ የሌለው ጨርቅ ልብስ ይሆናልን?

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን የሸፈንበትን ያን ስስ ጨርቅ ታስታውሱታላችሁ። ዛሬም በሐኪም ቤት ሁሉ ይገኛል። ከዚህ ጨርቅ አንዱን ወስዳችሁ በብርሃን ፊት ዘርጉት፤ ከጎኑም ነጠላችሁን ዘርጉ። በነጠላው ላይ ድሩ ከማጉ ጋር ሲጠላለፍ ይታያል። በዚያኛው ግን ድርም ማግም የለም፤ እጅግ ቀጫጭን ዘለላዎች ወዲያና ወዲህ ተበትነው፥ በጥቃቅን ነጥቦች ላይ ብቻ በሙቀት ተጣብቀው ይታያሉ። ሳይፈተልና ሳይሸመን የተሠራ ጨርቅ ማለት ይህ ነው።

ይህን ያየ ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። በአገራችን እናቶች ጥጡን ሲነድፉና በእንዝርት ሲፈትሉ ይከርማሉ፤ ከዚያም በኋላ ሸማኔው ይሠራዋል። በጎንደር ከተማ የአዲስ ዓለም ሸማኔዎች በዚህ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ፈትልና ሽመና ቀርቶ ጨርቅ መሥራት የሚቻል ከሆነ፥ ልብሳችንስ ለምን በዚሁ መንገድ አይሠራም? ይህ ጥያቄ በዳባትና በደባርቅ፥ በጃናሞራና በበየዳ ደጋ ለሚኖር ቤተሰብ ቀላል አይደለም፤ በዚያ የሌሊቱ ብርድ ይበረታልና፥ ልጅን የሚያሞቅ ልብስ ማግኘት የወላጅ ሁሉ አሳብ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ አዲስ አለመሆኑን እንወቅ። የመካከለኛው እስያ እረኞች ከጥንት ዘመን ጀምሮ የበግ ሱፍ በውሃ እያራሱና እየረገጡ፥ ሳይሸምኑ ድንኳንና ካባ ሠርተዋል። ኡጋንዳም የዛፍ ልጥ እየቀጠቀጠ ልብስ የመሥራት ጥበብ አላት፤ ይህም ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የእኛ ባና ደግሞ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው ልንል እንችላለን። አስቀድሞ ይሸመናል፤ ከዚያም በኋላ በውሃ እየተረገጠ ሱፉ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ በዚህም ነፋስ የማያስገባ ይሆናል።

ሱፍ ሲረገጥ ስለ ምን ይያያዛል? በማጉያ መነጽር ቢመለከቱት የሱፍ ዘለላ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ስለ ሆኑ፥ ዘለላው በአንድ በኩል ይንሸራተታል፥ በሌላው በኩል ግን ይያዛል። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሲያርሱት፥ እጅ ወይም እግር ሲያሸው፥ ዘለላዎቹ ወደ ፊት እየገቡ ይጠላለፋሉ እንጂ ወደ ኋላ አይመለሱም። ጥጥ እንዲህ ያለ ቅርፊት ስለሌለው በመረገጥ ብቻ ጨርቅ አይሆንም።

ይህን በቤት መሞከር ለልጆች መልካም ትምህርት ነው። ሱፉን አጥቦ ቅባቱን ማውጣትና በእጅ ማፈታታት፤ ከዚያም ስስ አድርጎ አንዱን ንብር አግድም፥ ሁለተኛውን ቁመት እያደረጉ መደራረብ። እጅ የሚችለውን ሙቅ ውሃና ሳሙና አርከፍክፎ በቀስታ መጫን፤ መያያዝ ሲጀምር በሰሌን ጠቅልሎ ደጋግሞ ማንከባለል። በጣት ቆንጥጠው ሲያነሡት ዘለላው ለብቻው የሚነሣ ከሆነ ገና ነው፤ ጨርቁ አብሮ የሚነሣ ከሆነ ግን ደርሷል። መጠኑ እየጠበበ እንደሚሄድ አስቀድሞ አስቦ ሰፋ አድርጎ መጀመር ይገባል።

እንግዲህ ጨርቅ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ለገላ የሚመች ልብስ መሆኑ ግን ሌላ ነው። ችግሩም ከመያያዙ ላይ ይነሣል። ዘለላዎቹ በሁሉም ስፍራ ከተጣበቁ ጨርቁ ይጠነክራል፥ ነገር ግን እንደ ወረቀት ይደርቃል፤ በጥቂት ስፍራ ብቻ ከተያያዙ ይለሰልሳል፥ ነገር ግን ቶሎ ይፈታል። የተሸመነ ጨርቅ በዚህ ይበልጣል። ድርና ማጉ በሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ ጥቂት ዞር ማለት ስለሚችሉ ነጠላ በትከሻ ላይ ሲጣል አካልን ተከትሎ ይወርዳል። ያልተሸመነው ግን ይሰበራል እንጂ አይወርድም፤ ክርንና ጉልበት ያለበት ስፍራም አንድ ጊዜ ከተለጠጠ ወደ ቦታው አይመለስም።

ሁለተኛው ነገር ላብ ነው። ሱፍ ከክብደቱ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚደርስ እርጥበት ከአየር ቢጠጣም ሲነኩት እርጥብ አይመስልም። በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን በአውድማው ካኖረው ጸምር ጠል ጨምቆ ቆሬ ውሃ መሙላቱን ስናነብ ተአምሩን እናደንቃለን፤ ሱፍ ውሃ መያዝ የሚችል መሆኑንም እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። የአፍ መሸፈኛው የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ግን እርጥበት ከቶ አይጠጣም ለማለት ይቻላል።

ሦስተኛው የዘለላው ውፍረት ነው። ከአንድ ሚሊሜትር 1,000 እጅ 30 ያህሉን የሚያልፍ ውፍረት ያለው ዘለላ ጫፉ ገላን ይወጋል። የደጋ በጎቻችን ሱፍ ሸካራ ዘለላ ስላለበት ከገላ ጋር ሊገናኝ አይገባውም።

የሰለጠነው ዓለምም ይህን ፈተና በቀላሉ አልተወጣውም። እ.ኤ.አ. በ1966 ስኮት የተባለ የአሜሪካ የወረቀት ኩባንያ ከወረቀት መሰል ጨርቅ የተሠራ ቀሚስ በአንድ ዶላር ለገበያ አቀረበ። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተሸጠ፤ ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ፋሽኑ አለፈ። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍሮይደንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የተሻለ መንገድ አገኘ። ይኸውም ዘለላዎቹን ያለ ሙጫ፥ በኃይለኛ የውሃ ፍንጣቂ እየመታ መሰነጣጠቅና ማጠላለፍ ነው። ዘለላው በተሰነጠቀ መጠን ይቀጥናል፤ በቀጠነም መጠን በቀላሉ ይተጣጠፋል፥ ጨርቁም ይለሰልሳል። ለአልጋ ልብስና ለመጥረጊያ መልካም ሆኖ ተገኝቷል።

ከሁሉ በላይ ወላጆች እንዲያስቡት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይቀልጣል፤ ሲቀልጥም ከገላ ጋር ይጣበቃል። በደጋ ቤታችን ምድጃ በመካከል ይነድዳል፥ ጧፍና ኩራዝም ይበራል፥ ልጆችም ከእሳቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ከዚህ ጨርቅ የተሠራ ማናቸውም ነገር፥ ርካሽና ቀላል ቢሆንም እንኳ፥ ለልጅ የብርድ ልብስ ሊሆን አይገባውም። ሱፍ ግን እሳት ሲነካው ይከስላል እንጂ ቀልጦ አይጣበቅም፤ እሳቱም ሲርቅ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ይህም ቢሆን ልጅን ከእሳት ከመጠበቅ አያሳርፍም።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሳችን ይህ ነው። ድርና ማግ የሌለው ጨርቅ ልብስ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጨርቅ በስፍራው ሲውል ነው። ከውስጥ ከገላ ጋር የሚገናኘው አቡጀዲ ወይም ሌላ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይሁን፤ ከላዩ ተረግጦ የተያያዘው ሱፍ ይምጣ፤ እጅጌ የሌለው ሰደርያ ቢሆን ደግሞ የሚለጠጥ ክርን ስለሌለው ቅርጹን ይጠብቃል። ሙቀቱን የሚሰጠው በዘለላዎቹ መካከል ረግቶ የሚቀመጠው አየር ነው፤ ስለዚህ እስኪደርቅ ድረስ ከመጠን በላይ መርገጥ አያስፈልግም። ሲታጠብም በቀዝቃዛ ውሃ፥ ሳይታሽ ይሁን፤ አለዚያ እንደገና ይጠብባል።

ይህ የሸማኔውን እንጀራ የሚወስድ አይደለም፤ ነጠላና ጋቢን የሚተካ ጨርቅ እስከ ዛሬ አልተገኘምና። ነገር ግን ከበጎቻችሁ የተሸለተ፥ ለፈትል ያልተፈለገ ሱፍ በቤታችሁ ቢኖር አትጣሉት። በአንድ ሰሌን፥ በጥቂት ሳሙናና በአንድ ቀን ድካም የአንድን ልጅ ጀርባ ከብርድ ሊያድን ይችላልና።