ፓምፑ ከቆመ ስንት ቀን ሆነው?

ይድረስ ለኢትዮጵያ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር

በገጠር ኢትዮጵያ በብዙ ቀበሌዎች የተተከለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ሲነደፍ የታሰበው የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ነበር። ፒስተኑ ዋናው ቱቦ ከጉድጓዱ ሳይነቀል ይወጣል፤ ቶሎ የሚያልቁት ክፍሎቹም ርካሽ ጎማና ፕላስቲክ ናቸው። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ አንዲት የተበላች ጎማ ፓምፑን ለወራት ልታቆመው ትችላለች። መለዋወጫው በወረዳው ከተማ አይገኝም፤ ጥገና የሠለጠነው የውሃ ኮሚቴ አባል ሥራ ፍለጋ አገር ለቋል፤ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ለሞተር ሳይክሉ ነዳጅ የለውም። ሴቶቹ ግን በዚያው ዕለት ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ።

ይህ ደብዳቤ ሚኒስቴሩን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከተሠሩት ጉድጓዶች ብዛትና ከውሃ አቅርቦት ሽፋን መቶኛው ጎን፣ ውሃ ያልፈሰሰባቸው ቀናትም ይቆጠሩ።

መቁጠር እንደሚቻል ጎረቤት አገር ታይቷል። በኬንያ ኪቱይ፣ ክዩሶ በተባለ ደረቅ አካባቢ፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፓምፑ እጀታ ውስጥ እንቅስቃሴውን የሚለካና በሞባይል ኔትወርክ መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ (ሴንሰር) ገጠሙ። ቀድሞ አንድ ብልሽት እስኪጠገን በአማካይ 27 ቀን ይወስድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከ3 ቀን በታች ሆነ። መሣሪያው ግን አንድም ፓምፕ አልጠገነም። የጠገነው መለዋወጫ ይዞ የሚጠባበቅ የአካባቢው የጥገና ቡድን ነው።

በሩዋንዳ 181 የእጅ ፓምፖች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ልዩነቱን በቁጥር አሳይቷል። በተለመደው አሠራር ከተያዙት ፓምፖች 56 በመቶው፣ ባለሙያ በየጊዜው ከሚጎበኛቸው 73 በመቶው ይሠሩ ነበር። የሴንሰር መረጃቸው በቀጥታ ለጥገና ሠራተኞች ከሚደርሰው ደግሞ 91 በመቶው ይሠሩ ነበር። ፓምፖቹ ያው የእጅ ፓምፖች ናቸው፤ የተለያየው ወሬው ለማን እንደሚደርስና የሰማው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው።

ነገሩ አፋር ላይ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ብዙዎቹ በጄኔሬተር የሚሠሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው፤ ሴንሰርም ተገጥሞባቸው የተጠኑ አሉ። ዝናብ ሲጥል አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ወደ ኩሬው ይሄዳል፤ ሞተሩም ዝም ይላል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ስክሪን የሚያይ ሰው ያንን ዝምታ ብልሽት ሊለው ይችላል። በድርቅ ወር የመጣ ዝምታ ግን የብዙ ቤተሰብና የብዙ ከብት የሕይወት ጉዳይ ነው። ሁለቱን የሚለየው የጎሳ መሪው፣ የጉድጓዱ ኦፕሬተርና የግጦሹን ዑደት የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ሴንሰር ለመግዛት የሚወጣ ገንዘብ ለእነዚህ ሰዎች ሥራ ከሚመደብ ገንዘብ ተነጥሎ መታሰብ የለበትም።

ማኅበረሰቡን ባለቤት በማድረግ ረገድም በአማራ ክልል የሚጠቀስ የራሳችን ልምድ አለ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊንላንድ ድጋፍ በተሞከረው አሠራር የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለማኅበረሰቡ ይደርስ ነበር፤ ዕቃ የሚገዛውም፣ ግንበኛ የሚቀጥረውም የውሃ ኮሚቴው ራሱ ነበር። ሲሚንቶውን ተከራክሮ የገዛ ገበሬ ፓምፑ ሲቆም የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ አያልፈውም። ይህን ያህል ኃላፊነት የተሸከመ ኮሚቴ መለዋወጫ የሚያገኝበት ሱቅ ማጣቱ ያሳዝናል።

ሚኒስቴሩ ከሦስት ወረዳዎች ይጀምር፤ አንዱ አፋር፣ አንዱ አማራ፣ አንዱ ደቡብ ኢትዮጵያ ቢሆን ይበጃል። ለየወረዳው የነዳጅ፣ የመለዋወጫና የጥገና ሠራተኛ በጀት በስሙ ይመደብለት። የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራንና ተማሪዎች ከኮሚቴዎቹ ጋር ሆነው ፓምፑ የቆመበትን ቀን፣ ወሬው የደረሰበትን ቀንና የተጠገነበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ውጤቱም ጥሩ ሆነ መጥፎ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ።