አፍራሹ ሌላ፣ ከፋዩ ከተማችን



የምርጫ ሰሞን ወረቀት ይበዛል። ስለ ሰላም፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሥራ አጥነት ያለንን አቋም በሌሎቹ ገጾች ታገኙታላችሁ። ይህን ርዕሰ አንቀጽ ግን ለአንድ ጉዳይ ብቻ አውለነዋል። ጉዳዩ ዛሬ ማታ ገብታችሁ የምታድሩበት ቤት ነው። ቤቱን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። ይፍረስ ብሎ የሚወስነው ግን ሌላ ነው። ሲፈርስ ካሳውን ክፈል የሚባለው ደግሞ በውሳኔው ያልነበረበት የአካባቢያችሁ አስተዳደር ነው። ይህ የሆነው በሕግ ነው፤ ስለዚህም በሕግ ሊቀየር ይችላል።

ቡሬ በፕላን የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም። የቆረቆራት ንግድ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲፈቀድ፣ የጎሬ ቡና ወደ ጋምቤላ ወደብ ይወርድ ጀመር። ቡሬም ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል የነጋዴው ማረፊያ ሆነች። መንገዱን ተከትሎ ቤት ተሠራ፣ ገበያ ቆመ። ለእነዚያ ቤቶች ካርታ የሰጠ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም። በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት በዚህ አገር የጭቃ ቤት ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ግድግዳው በየጊዜው ይመረጋል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ማገሩን ምስጥ ይበላዋል። ቤት እዚህ አንዴ ተሠርቶ አያልቅም።

ደርግ በሐምሌ 1967 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ደርግ ሲወድቅ ይህ ይስተካከላል ብሎ የጠበቀው ብዙ ነበር፤ አልተስተካከለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። የሊዝ አዋጆችም በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ተከታትለው ወጡ። በ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ከአባታችሁ የወረሳችሁት ነባር ቦታ በነባርነቱ ይቆያል፤ ብትሸጡት ግን ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል። ባለርስቱ መንግሥት ከሆነ ነዋሪው ማን ሊባል ነው? አባቶቻችን ለዚህ ስም ነበራቸው፤ ጭሰኛ ይሉት ነበር።

ያው ሕገ መንግሥት ግን ለነዋሪው የቆሙ ሁለት ነጥቦች አሉት። በገንዘቡና በጉልበቱ የገነባው ቤት የራሱ ንብረት እንደሆነ ይደነግጋል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል ንብረቱን ቢወስድ ደግሞ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፍላል ይላል። «ተመጣጣኝ» እና «በቅድሚያ» የሚሉትን እነዚህን ሁለት ቃላት ያዙልን። የእኛ ክርክር በሙሉ በእነርሱ ላይ የቆመ ነው።

የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 የወጣው በሐምሌ 1997 ነው። የከተማ ሕዝብ በግንቦት ድምፁን በሰጠ በሁለት ወሩ ገደማ መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን። ይህ አዋጅ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1161 ተተካ። አዲሱ አዋጅ መሻሻል የለበትም አንልም። በቀድሞው ለእርሻ መሬት የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈል ነበር፤ በአዲሱ ከሦስት ዓመቱ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛል። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ ታስቧል። የከተማ ቤት ግን የሚገመተው ዛሬም ቤቱን መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። ገማቹ ቆርቆሮውን፣ እንጨቱን፣ ሲሚንቶውን፣ የሠራተኛውን ዋጋ ይደምራል። ቦታው ግን ዋጋ የለውም።

እስቲ በቡሬ ዋና መንገድ ዳር ቡናና ኮረሪማ የምትነግድ አንዲት እህት እንበል። ሱቋ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። ከገጠር ቡና ይዞ የሚመጣው ሰው የሚያውቃት በዚያ በር ነው፤ የጋምቤላ መኪና የሚቆመውም እዚያው ፊት ለፊት ነው። ገማቹ ሲመጣ «ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ምትክ ቦታ አይሰጣትም አንልም፤ ሕጉ ያዛል። ምትኩ መንገድና ውሃ ባልደረሰበት የከተማ ዳር ከሆነ ግን በካሳው ቤት ትሠራ ይሆናል እንጂ ደንበኛ አትሠራም። ይህን ተመጣጣኝ ካሳ ብለን መጥራት አንችልም።

በ2016 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1336 መጣ። ይህ ማሻሻያ በፌዴራል መንግሥት ለሚሠሩ ፕሮጀክቶች ጭምር የካሳውንና የመልሶ ማቋቋሙን ወጪ በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች ትከሻ ላይ አስቀመጠ። የቀረበው ምክንያት የካሳ ክፍያ እየናረ የመንገድ ሥራን አቆመ የሚል ነበር። ችግሩ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ሂሳቡን ለጎረቤት ማስተላለፍ ነው። የመንገዱን መስመር የሚያሰምረው አዲስ አበባ ነው፤ ኮንትራክተሩን የሚቀጥረውም አዲስ አበባ ነው። ለፈረሰው ቤት የሚከፍለው ግን ክልሉ ነው። ክልሉ በጀት ሲያጥረው ወደ ዞን፣ ዞን ወደ ወረዳና ወደ ከተማ እንደሚያይ በቀበሌ ወንበር ተቀምጦ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን የአንድ ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ከቦታ ኪራይና ከቤት ግብር፣ ከገበያና ከመናኸሪያ ከሚሰበሰብ ክፍያ፣ ከዚያ የተረፈው ከሊዝ ጨረታ ነው። ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንዴ የሚያመጣው የመጨረሻው ብቻ ነው። ለጨረታ የሚቀርብ ባዶ ቦታ ደግሞ በከተማ መሐል የለም፤ በዳር ያለ ገበሬ ከማሳው መነሣት አለበት። ስለዚህ የአንዱን ነዋሪ ካሳ ለመክፈል ሌላው ይነሣል፤ ለእርሱም ካሳ ያስፈልጋል። በዚህ አዙሪት ውስጥ የገባ ከተማ አደገ አይባልም፤ ከዳሩ እየበላ ሰፋ ቢባል ይሻላል።

ከላይ የሚወሰን ልማት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለማየት ከዞናችን መውጣት አያስፈልግም። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያዮ አለች። ደኗ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። የማዳበሪያ ፋብሪካው ሥራ በ2004 ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ፤ ገበሬዎች ከቡና ተክላቸው ተነሡ፤ ፋብሪካው ግን በተባለው ጊዜ አላለቀም፣ ኮርፖሬሽኑም ሥራውን ሳይጨርስ ከቦታው ወጣ። የቡና ተክል ምርት ለመስጠት ዓመታት ይፈጃል። የተነቀለው ቡና ፋብሪካውን አልጠበቀም። ይህን የምንለው ማዳበሪያ አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ የወሰነው አካል በጥፋቱ አንድም ቤት እንዳላጣ ለማሳየት ነው።

በጥር 2017 የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። ከተሞች የራሳቸው ገቢ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ በመርሁ አንቃወምም። ነገር ግን አንድ ነገር እንድታስተውሉ እንለምናለን። በዚህ አዋጅ ታክስ የሚጣለው በቤቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ በቦታው የመጠቀም መብትም ዋጋ ተሰጥቶት ይታከሳል። ያቺ ከላይ ያነሣናት እህት ስትከፍል በመንገድ ዳር ያለው ቦታዋ ዋጋ አለው፤ ስትነሣ ግን ዋጋ የለውም። አንድ መንግሥት በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ሚዛን ይዞ ሲገኝ በገበያ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ይወረስበት ነበር።

ስለ መድንም እንነጋገር። በምርጫ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ኢንሹራንስ መጻፍ ለአንዳንዱ የሀብታም ወሬ ይመስለው ይሆናል። እኛ ግን ለድሃው ይበልጥ የሚያስፈልገው ነገር ነው እንላለን፤ ሀብታም አንድ ቤት ቢቃጠልበት ሌላ አለው። በአገራችን የመድን ዓረቦን ድምር ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። መኪና በአዋጅ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት መድን የመግባት ግዴታ አለበት፤ ቤት ግን የሚያስታውሰው የለም፣ የባንክ ብድር መያዣ ካልሆነ በቀር። ጭቃና እንጨት ቤት በመድን ድርጅት ዓይን አደጋው የበዛ ነው፤ ዓረቦኑም በዚያው ልክ ይከብዳል። የይዞታ ማረጋገጫ የሌለው ቤት ባለቤትነቱን በምን ያስረዳል? የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ዕቃውን እንጂ ቤቱን መድን ሊያስገባ አይችልም፤ የእርሱ አይደለምና። በጥቅምት 2017 በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ እንደሚሆን አሳይቶናል። በሰኔ 2012 መጨረሻ በሻሸመኔ የደረሰው ውድመት ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረን፤ ተራው የእሳት መድን በሁከት የሚደርስን ጉዳት አይሸፍንም፣ ለእርሱ ተጨማሪ ውል ያስፈልጋል። ይህን ብዙ ሰው ያወቀው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። በእኛ ከተሞች ሰው ሲሞት ዕድር አለ። ቤት ሲሞት ያለው ጎረቤት ቆርቆሮ ሲያዋጣ ብቻ ነው።

በሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያደርጉት ለማየት አንድ አገር ብቻ እንጥቀስ። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ክልል እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው የእድገት አስተዳደር ሕግ፣ መንገድና ውሃ ሳይደርስ አዲስ ግንባታ እንዳይፈቀድ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ማዕበል የፈሩ የመድን ድርጅቶች እምቢ ያሏቸውን ቤቶች የሚሸፍን የመንግሥት መድን ድርጅት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያውን ሕግ አላልተውታል፤ ዓረቦናቸውም ውድ ነው፤ ስለዚህ ገነት አድርገን አናቀርባቸውም። የምንወስደው ሐሳቡን ነው፤ መንግሥት እድገትን የሚያዝዝ ከሆነ አገልግሎቱንም አደጋውንም አብሮ ይሸከም።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ስለ እናንተ ሊከራከር የሚገባውን የከተማ ምክር ቤት ማን መረጠው? በ2000 እና በ2005 በተደረጉት የአካባቢ ምርጫዎች ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ወንበሩን ሞላ ጎደል ጠቅልለው ያዙ። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ። በ2013 ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በቀር የከተማ ምክር ቤት ምርጫ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣቸዋል ይላል። የሥልጣን ዘመኑ ያለፈበት ምክር ቤት ግን ለላይኛው አካል «አይሆንም» የሚልበት አንደበት ከየት ያገኛል? የኮሪደር ልማት በ2016 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ፣ የትኛው ምክር ቤት በየትኛው ስብሰባ ተከራክሮ እንዳጸደቀው ነዋሪው እንዲጠይቅ እንኳ አልተጋበዘም።

ድምፃችሁን ብትሰጡን በፌዴራሉ ምክር ቤት በመጀመሪያ የምናቀርበው ማሻሻያ ይህ ነው፤ ፕሮጀክቱን የወሰነ አካል ካሳውን ከራሱ በጀት ይክፈል፤ ገንዘቡ በባንክ ገብቶ ነዋሪው ሳይቀበለው አንድም ቤት አይፍረስ። በግምቱ ውስጥ የቦታው ጥቅም ይግባ፤ ለታክስ የተገመተው ዋጋ ለካሳውም መነሻ ይሁን። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ነዋሪው በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ያዛል፤ ይህ በተግባር እንዲውል ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የአካባቢ ምርጫ የሚደረግበት ቀን በሕግ ይቆረጥ።

ሰነድ ለሌላቸው ነባር ቤቶች የዓመታት የግብር ደረሰኝ እንደ ማስረጃ እንዲያገለግል እንጠይቃለን። መንግሥት ግብር ሲቀበልበት የሚያውቀውን ቤት ካሳ ሲመጣ አላውቀውም ሊል አይገባም። በመድን በኩል የምናስበው ከተማው በነዋሪው ስም የጋራ የእሳት መድን ውል እንዲገባ፣ የፈለገም ዓረቦኑን ከቤት ግብሩ ጋር በትንሽ በትንሹ እንዲከፍል ነው። ሺህ ቤት በአንድ ውል ሲገባ ከአንድ ቤት ይረክሳል።

የማንገባውንም ቃል እንንገራችሁ። ከአሁን በኋላ ማንም ከቤቱ አይነሣም አንልም፤ መንገድ፣ የውሃ መስመርና ትምህርት ቤት ቦታ ይፈልጋሉ። የጋራ መድኑም በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ቤት አይደርስም። በቀበሌ ቤት የሚኖሩትን በሚመለከት ገና ተወያይተን ያልጨረስነው ነገር አለ፤ ተከራዩ የኖረበትን ቤት በረዥም ጊዜ ክፍያ እንዲገዛ የሚለው ሐሳብ ሚዛን እየደፋ ነው።

ዕጩዎቻችን ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጡ የቤት ግብር ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ። የገዥው ፓርቲ ዕጩዎችም ሲመጡ እንዲሁ አድርጉ፤ ይህ ደረሰኝ ቤቴ በሚፈርስበት ቀን ምን ያስገኝልኛል ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሱንም በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ።