የኮሌጁ በር ብዙ፣ ቤቱ ግን አንድ ቢሆን

ዛሬ ከክትባትና ከልጆች አመጋገብ ወጣ ብለን ስለ ኮሌጅ እንነጋገር። «ጡረታ የወጣ ነርስ ስለ ኮሌጅ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ሰፈራችን ውስጥ ልጁን ኮሌጅ ሊያስገባ የተነሣ ወላጅ ምክር ፍለጋ የእኔንም በር ያንኳኳል፤ የሚያገባኝ በዚህ ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ልጄ ይህን ጀምራ ወደ ሌላ ሙያ ልዙር ብትል፣ ወይም ከፍ ወዳለው ደረጃ ልቀጥል ብትል፣ እስካሁን የተማረችው ይቆጠርላታል ወይ?»

ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። አንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው ይልካል፤ ሌላው ደግሞ «መጀመሪያ ተመዝገቡ፣ ከዚያ እናያለን» ይላል።

ነገሩን ከራሴ አውቀዋለሁ። በነርስነት ዲፕሎማዬ ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ትምህርቴን ለመቀጠል ወደ አንድ ኮሌጅ ሄጄ ነበር፤ ስሙ ይቆየን። አናቶሚውም፣ ፊዚዮሎጂውም፣ ማይክሮባዮሎጂውም «በእኛ ቤት የተወሰደ አይደለም» ተብሎ ሁሉንም ከሀ እንድጀምር ተነገረኝ። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ ሥራው የሌሊት ተራ አለው፤ ተውኩት። በዲፕሎማዬ ሠርቼ በዲፕሎማዬ ጡረታ ወጣሁ። የሚቆጨኝ ግን የዲግሪው ወረቀት አይደለም። ሁለት ጊዜ ተማሩ የተባልኩት ያንኑ ልብና ያንኑ ኩላሊት መሆኑ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ሐሳቤ ይህ ነው፤ በከተማችን ያሉት የመንግሥት ኮሌጆች አንድ ተቋም ይሁኑ። ዊንጌት፣ እንጦጦ፣ ተግባረ ዕድ፣ ንፋስ ስልክ፣ ምሥራቅ፣ አቃቂ፣ እንዲሁም የዳግማዊ ምኒልክ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ በየግቢያቸው ይቀመጡ፤ ሬጅስትራራቸው፣ የተማሪው መዝገብና የምስክር ወረቀቱ ግን አንድ ይሁን። በአንዱ ግቢ ያለፈችው ኮርስ በሌላውም ያለ ክርክር ትቆጠርላት።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አንጋፋዎቹ አያቶች ታስታውሱታላችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር የሚመሩት ከካናዳ የመጡ የየሱሳውያን ማኅበር መምህራን ነበሩ። የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር ይሠራ ነበር። የሕንፃ ኮሌጁን ስዊድኖች ደገፉት፤ የምሕንድስናው ኮሌጅ ደግሞ ለብቻው ነበር። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፈተ። ሁሉም በየፊናቸው ጥሩ ቢሆኑም፣ እያንዳንዱ የራሱ ቤት፣ የራሱ ደንብ ነበረው።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. እነዚህ ኮሌጆች ተዋሕደው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ግቢ ነው። ልብ በሉ፤ ጎንደር ከጎንደር አልተነሣም፣ ዓለማያም ከዓለማያ አልተነቀለም። የተዋሐደው ተቋሙ ነው። የሕግ ፋኩልቲውና የሕክምና ፋኩልቲው የተከፈቱትም ከዚያ በኋላ ነው። ዓለማያ ጎልምሶ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ጎንደርም በጊዜው እንዲሁ። ልጅ በወላጁ ቤት አድጎ ጎጆ እንደሚወጣው ማለት ነው።

ከጎንደር ሌላም የምንማረው አለ። በዚያ የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በአንድ ግቢ ይሠለጥኑ ነበር፤ ከምረቃ በኋላም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይመደቡ ነበር። አንዱ የሌላውን ሥራ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ያውቀዋል። ዛሬ የነርስ ተማሪዋ በአንድ ሰፈር፣ የኤሌክትሪክ ተማሪው በሌላ ሰፈር ተለያይተው ይማራሉ። ሆስፒታል ሲገቡ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። የኦክስጅን ማሽኑ ሲቆም ነርሷ ምን እንደተበላሸ መናገር ያቅታታል፤ ጠጋኙ ደግሞ ማሽኑ ለታማሚው ምን እንደሆነ አያውቅም። በእኔ ዘመን በትንሽ ብልሽት መጋዘን ገብቶ የቀረ የዕቃ ማምከኛ አይቻለሁ። ሁለቱ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን እንኳን አብረው ቢለማመዱ ብዙ ነገር ይድናል።

ሦስተኛው ጉዳይ ዕቃና መምህር ነው። ለማዋለድ ልምምድ የሚሆን አሻንጉሊት ውድ ነው፤ የብረት መቁረጫውም እንዲሁ። እያንዳንዱ ኮሌጅ ለየራሱ ልግዛ ሲል ሁሉም ጎዶሎ ይሆናል። አንድ ተቋም ሲሆኑ ግን ዕቃውን በተራ መጠቀም፣ የተመሰገነውን መምህር ሰኞ እዚህ ማክሰኞ እዚያ ማስተማር ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

ሥጋት እንዳለም አውቃለሁ። የመጀመሪያው መንገዱ ነው። «አዋሐድን» ተብሎ የአቃቂው ግቢ ቢዘጋና የአቃቂ ልጅ በየጠዋቱ ወደ ዊንጌት ልሂድ ቢል የታክሲው ሒሳብ ብቻ ቤተሰቡን ያስጨንቃል። ውህደት ማለት በር መዝጋት ከሆነ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ሁለተኛው ስም ነው። እንጦጦ የቀድሞው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሆኑን የሚኮሩበት አባቶች አሉ፤ ልክ ናቸው። ስሙ በግቢው በር ላይ ይቆይ፤ የሚጋሩት መዝገቡን ነው። ሦስተኛው ቢሮክራሲ ነው። ትልቅ መሥሪያ ቤት ሲሆን ለአንድ ወረቀት ሦስት ቢሮ እንዳያዞሩን መፍራት ተገቢ ነው። ስለዚህ በየግቢው የሚፈርም ኃላፊ ይኑር፤ የልጃችሁን ጉዳይ ለመጨረስ ዋናው ቢሮ ድረስ መሄድ አያስፈልግ።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ልጃችሁን ስታስመዘግቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ልጁ ሙያ ቢቀይር ወይም ወደ ሌላ ኮሌጅ ቢዛወር የትኞቹ ኮርሶች እንደሚቆጠሩለት በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ለአንድ ማሽን ወይም ለአንድ የልምምድ አልጋ ስንት ተማሪ እንደሚደርስ ጠይቁ፤ ከተቻለም ወርክሾፑን ገብታችሁ እዩት። ሦስተኛ፣ ልጁ ለሙያ ብቃት ምዘናው የሚዘጋጀው የት ሆኖ፣ በማን እንደሆነ እወቁ። ከዚህ በተጨማሪ የየኮርሱን ዝርዝርና የየሴሚስተሩን ውጤት ኮፒ በአንድ ፋይል አስቀምጡ። የክትባት ካርዱን እንዳስቀመጣችሁለት ሁሉ ይህንንም አስቀምጡለት። ነገ «ይቆጠርልኝ» ሲል በእጁ የሚይዘው እሱን ነው።

በወረዳችሁ ወይም በልጆቻችሁ ኮሌጅ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ አትቅሩ። ስለ ክፍያና ስለ ዩኒፎርም ብቻ ተነጋግራችሁ አትውጡ፤ «ልጃችን እዚህ የተማረው እዚያ ማዶ ለምን አይቆጠርም?» በሉ። ጥያቄው ከወላጅ አፍ ደጋግሞ ሲሰማ የሚመለከተው ሰው መስማቱ አይቀርም።

ሰላም ቆዩኝ፤ የሳምንት ሰው ይበለን።