ባትሪውን የሚበላው መንገዱ ነው ወይስ ሰዓቱ?

ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ (በገመድ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪም የቤንዚን ሞተርም ያለው መኪና) የሚነዱ ሰዎች ስለ መንገድ መጨናነቅ ሲያወሩ ሁለት ተቃራኒ ነገር ይሰማል። አንዱ «መንገዱ ሲዘጋጋ ባትሪዬ ይበረክታል» ይላል፤ ሌላው «መጨናነቁ ባትሪዬን ምጥጥ አድርጎ ይጨርሰዋል»። የሁለቱም መኪና አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የሚዋሽም ላይኖር ይችላል።

የመጀመሪያው ወገን ዋና ጠበቃ ነፋስ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ዋሽንግተንን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና፣ በ50 ከሚሄደው ይልቅ በየኪሎ ሜትሩ አየር ለመሰንጠቅ ብቻ አራት እጥፍ ጉልበት ያወጣል። መንገድ ተዘጋግቶ በ20 እና በ30 ሲኬድ ይህ ወጪ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። የቤንዚን መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ይህን ለመቀበል ይቸገራል፣ አይፈረድበትም፤ የእሱ መኪና ቆሞም ይበላላ! የኤሌክትሪክ ሞተር ግን መኪናው ሲቆም አብሮ ያርፋል፤ ፍሬን ሲያዝም ጄኔሬተር ሆኖ ከወጣው ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ከፊሉን ነው ያልኩት። ሄድ ቆም የበዛበት መንገድ ባትሪ ይሞላል የሚሉ አሉ፤ አይሞላም። የሚመለሰው ሁልጊዜ ከወጣው ያንሳል። ጢም ብሎ የሞላ ባትሪ ደግሞ የሚመለሰውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው፣ እንጦጦ ላይ ቻርጅ አድርጎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሰው የቁልቁለቱን ጉልበት በአብዛኛው ለፍሬን ሸራ ይገብራል።

ሁለተኛው ወገን የሚያነሳው ጉዳይ ከጎማው ጋር ግንኙነት የለውም። ማሞቂያው፣ ኤሲው፣ መብራቱ፣ ስክሪኑና ኮምፒውተሩ የሚበሉት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። ለስሌት ያህል፣ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊጠቀምበት የሚችል ባትሪ ያለውና ለመንቀሳቀስ ብቻ በኪሎ ሜትር 150 ዋት ሰዓት የሚፈጅ መኪና እንውሰድ። ሌላ ጫና ከሌለበት 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። አሁን 3 ኪሎ ዋት የሚስብ ማሞቂያ እንክፈትበት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከሄደ ማሞቂያው በየኪሎ ሜትሩ 60 ዋት ሰዓት ይጨምራል፤ ጉዞው ወደ 48 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ከተጎተተ ግን ጭማሪው 300 ይሆናል፤ 22 ኪሎ ሜትር ላይ ባትሪው አለቀ ማለት ነው። መኪናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰዓቱ ነው።

ስለዚህ እኔ ለሁለቱም ወገን የማቀርበው ጥያቄ «የት አገር፣ በየትኛው ወር?» የሚል ነው። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ የሚንፏቀቅ ሰው፣ የአዲስ አበባ አየር ማሞቂያም ኤሲም እምብዛም ስለማያስፈልገው፣ የመጀመሪያው ወገን እውነት ይሠራለታል። ከሻርጃ ወደ ዱባይ በነሐሴ ሙቀት የሚጎተተው ወገናችን ኤሲውን ሊያጠፋ አይችልም፤ ለእሱ ሁለተኛው ወገን ትክክል ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ኡበር የሚሠሩት ደግሞ በፀደይ አንዱን፣ በክረምት ሌላውን ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 በረዶ ጥሎ ቨርጂኒያ ውስጥ አይ-95 ሲዘጋ፣ ብዙ ሹፌሮች ከ24 ሰዓት በላይ መኪናቸው ውስጥ ቆይተዋል፤ ሴናተር ቲም ኬንም ከመካከላቸው ነበሩ። እንዲህ ባለ ቀን «ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል» የሚለው ጥያቄ ራሱ ትርጉም የለውም።

ሻጩ የሚነግረው ቁጥር ይህን ሁሉ አያሳይም። የ2023ቱ ቶዮታ ፕሪየስ ፕራይም 13.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ይዞ፣ ኤስኢ የተባለው ዓይነቱ በአሜሪካ መለኪያ 44 ማይል፣ ማለትም 71 ኪሎ ሜትር ገደማ በኤሌክትሪክ ብቻ ይሄዳል ተብሎ ተመዝግቧል። ቁጥሩ የከተማና የአውራ ጎዳና ጥምር ውጤት ነው፤ ለንጽጽር ይጠቅማል፣ ለክረምት ጠዋት ግን አይበቃም። የዚህ መኪና ማሞቂያ ሂት ፓምፕ (ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ የሚያስገባ) ስለሆነ በሽቦ ግለት ከሚያሞቀው በጣም ያነሰ ይስባል። ሊገዛ ያሰበ ሰው ከባትሪው መጠን እኩል ይህንን ቢጠይቅ እመክራለሁ። የመቀመጫና የመሪ ማሞቂያም የመኪናውን አየር በሙሉ ከማሞቅ እጅግ ይረክሳል።

ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ ባትሪው ቢያልቅም መንገድ ላይ አይቀርም፤ ቤንዚን አለው። እንግዲያው ዋናው ጥያቄ ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚለው ሳይሆን የትኛውን ኪሎ ሜትር ይሸፍን የሚለው ነው። የቤንዚን ሞተር አውራ ጎዳና ላይ፣ ሞቆና በተመጣጠነ ጫና ሲሠራ ሙያውን ያውቅበታል፤ በየ20 ሜትሩ መነሳትና መቆም ሲሆን ያባክናል። ብዙዎቹ መኪኖች ቻርጁን ለኋላ የሚያቆይ ቁልፍ አላቸው፤ ረጅም መንገድ ሄዶ መጨረሻው ላይ መጨናነቅ ለሚጠብቀው ሰው፣ ባትሪውን ለዚያ ማቆየት አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል፤ ኪሎ ሜትሩ ቢያንስም እንኳ። ቢኤምደብሊው መኪናው በአንዳንድ የአውሮፓ ከተሞች ልቀት ወደሚገደብበት ክልል ሲገባ በራሱ ወደ ኤሌክትሪክ እንዲዞር ያደረገው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ ይዞ ነው።

ትርፉን ግን ማጋነን አይገባም። ሃይብሪዱ ባትሪው «ባዶ» ሲባል እንኳ ጥቂት ስለሚያስቀር፣ ሲቆም ሞተሩን ያጠፋል፣ በዝግታም በኤሌክትሪክ ይንፏቀቃል፤ ልዩነቱ ከተራ የቤንዚን መኪና ጋር ሲነጻጸር የሚታየውን ያህል አይሰፋም። መንገዱ አጭር ሆኖ ማታ ቤት ገብቶ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰውም ቁልፉን መነካካት ከንቱ ድካም ነው፤ ከቤት እስከ ቤት በባትሪው ይጨርሰው። ጭራሽ ቻርጅ የማያደርጉ ባለቤቶችም አሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ይፋ ያደረገው መረጃ የፕለግ-ኢን ሃይብሪዶች እውነተኛ ልቀት በፈተና ከተመዘገበው በአማካይ 3.5 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል፤ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋናው የመንገድ መዘጋጋት ሳይሆን ገመዱ እንደሚጠበቀው አለመሰካቱ ነው።